የአራተኛ ፎቅ ዜና

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮዬን እከፍታለሁ፤ መስኮቱን እገፋለሁ፤ የትናንቱን ወረቀት ከዛሬው እለያለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው ከደረጃው ይሰማል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እትዬ ሬዲዮ ናቸው። አሳንሰሩ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። እሳቸውም በየፎቁ ቆም ብለው ሲያርፉ ካገኙት ሰው ጋር ስለሚያወሩ፣ አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ የመሥሪያ ቤቱ ወሬ ተጠቃሎ አብሯቸው ይደርሳል። ሬዲዮ ያልናቸውም ለዚህ ነው። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ዘፍ ይላሉ።

«የግዢ ኃላፊው አዲስ ጫማ ገዝቷል፤ ስለጠበበው ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። እንኳን ለመሥሪያ ቤቱ ለራሱም በልኩ መግዛት አልቻለም።»

እስቃለሁ። እሳቸው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

«የኔ ጉዳይ ምን ደረሰ?»

«በሂደት ላይ ነው፣ እትዬ።»

«እሱ ከሄደልኝ ይበቃል፤ እኔማ መሄድ አቅቶኛል።»

የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ ነኝ። ጉዳያቸው፣ እዚሁ አራተኛ ፎቅ ያለው መዝገብ ቤት ከዋናው መግቢያ አጠገብ ወዳለው ባዶ ክፍል እንዲዛወር ያቀረቡት ማመልከቻ ነው።

አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ከሥልጠና ተመለሱ። ሥልጠናው በርትቶባቸው ነበር መሰለኝ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከሁሉ የቆየውን ጉዳይ እስከ ዓርብ እንዲጨርስ አዘዙ። ትእዛዙ በጣም አስቸኳይ ስለነበር ረቡዕ ደረሰን።

መሳቢያዬን ከፈትኩ። ከሁሉ ሥር የነበረው የእትዬ ሬዲዮ ማመልከቻ ነው፤ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። ሥራ አስኪያጁ ጥጉ ላይ «ይፈጸም» ብለውበታል። የቀረው የኔ ፊርማ ብቻ ነበር። እዚያ መኖሩን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። መልሼ ከሥር ከተትኩትና ሌላ የቆየ ጉዳይ ፍለጋ ገባሁ። አንድ የኮት መስቀያ ጥያቄ አገኘሁ፤ ዘጠኝ ወሩ ነው።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ የሚተነፍስ ሰው አልተሰማም። ወረድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ፣ አንድ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ዜናው በዛ?»

«ዜናውስ ያው ነው። ደረጃ ጨምራችኋል እንዴ?»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጉልበታቸው ዳቦ አክሏል።

«ማመልከቻዎ እኔ ዘንድ ነው ያለው» አልኳቸው።

«መሳቢያሽ ውስጥ፣ ከሥር። መዝገብ ቤት እኮ ነኝ፣ ልጄ። ገብቶ ያልወጣውን ከኔ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

ጫማቸውን አገላበጡት።

«ያስገባሁት አንቺ ከሐዘን በተመለስሽ ሳምንት ነው። ጠዋት ጠዋት እኔ ስመጣ ትስቂ ነበር። ጉልበት ደግሞ ሁለት አለኝ ብዬ ነው።»

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ታች አወረድኳቸው። ከዚያ ሽቅብ ወጥቼ ፈረምኩ።

ዓርብ ሠራተኛው ከአራተኛ ፎቅ እስከ መግቢያው ደረጃው ላይ ተሰልፎ ፋይል መቀባበል ጀመረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ ቆመ። ለካ ሁሉም የራሱ ፋይል እጁ ሲገባ ከፍቶ ያነባል። የግዢ ኃላፊው በጠባብ ጫማው ቆሞ፣ ከስድስት ዓመት በፊት የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ ላይ አፍጥጧል።

«ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ከጀርባው ነው፣ ግለጠው» አሉት እትዬ ሬዲዮ ከታች ሆነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ፈጣን ውሳኔዬ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉልኝ።

ሰኞ ግልባጩን ይዤ ወረድኩ፤ ፋይሌ ውስጥ መግባት አለበት። እትዬ ሬዲዮ አነበቡት።

«ፈጣን ውሳኔ» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ መዘገቡት።

«ምን ወሬ አለ?»

«ከማን ላምጣ? ሰው ሁሉ በፊቴ እየሮጠ ነው የሚያልፈው።»

«ጉልበትዎስ?»

«ተሽሎታል። ሥራ የፈታው አፌ ነው።»

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮዬን ከፈትኩ፤ መስኮቱን ገፋሁ፤ የትናንቱን ወረቀት ከዛሬው ለየሁ። ወንበሩ በሩ አጠገብ እንደነበረ ነው። የሚቀመጥበት ሰው የለም።