ያለ ፈረንጅ አፍ በይው

ልጄ እውነት ስትናገር በአጭሩ ነው። ጎረቤት መጥታ «ሽንኩርት አለሽ?» ብትላት «የለም» ትላለች፤ እውነትም የለም። የምፈራው እንግሊዝኛ ስትጨምርበት ነው። ባሏ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ሲከት በዓይኔ አይቼ «ተጣላችሁ እንዴ?» ብላት፣ «ኔቨር! ኔቨር ኤቨር!» አለችኝ። በሁለት ሳምንቱ ሰውዬው የለም። የጉልበቴን ነገር ሐኪሙ ምን አለ ብዬ ስጠይቃትም «የሚያሰጋ ነገር? አብሶሉትሊ ኖት!» ብላ ሳቀች። በወሩ ቀደዱኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ልጄን ግን አነባታለሁ።

ማክሰኞ ዕለት የሰው ሱሪ ሳሳጥር የሠፈሩ ፀጉር ቆራጭ ገባ። ይቺ የፊት ክፍል መስኮቷ ወደ መንገድ ነው፤ አርባ ዓመት ሰፍቼባታለሁ። ሰላም አለኝና ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ግድግዳዬን ይለካ ጀመር።

«ምነው ልጄ፣ ለግድግዳውም ልብስ ልታሰፋለት ነው?»

«አይ እናቴ፣ ለመስታወት ይበቃ እንደሆነ ብዬ ነው» አለና ዓይኑን ሰበረ።

እኔ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የማያሰፋ ሰው አይለካም።

አመሻሽ ላይ ልጄ ከቢሮ ስትገባ፣ ሱሪውና መርፌው እጄ ላይ እንዳሉ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ያዝኳት።

«ክፍሌን ለፀጉር ቆራጩ ልትሰጪው ነው?»

«ኖ ዌይ! አንቺ ትሙች፣ ኖ ዌይ!»

«በመሐላ ከምትገድይኝ ክፍሉን ብትሰጪው ይሻላል። እስቲ ያለ ፈረንጅ አፍ በይው።»

«ምኑን?»

«‹አልሰጥም› በይ። አንዲት ቃል ናት።»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ሰጥቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የቤቱ ወጪ ብቻዬን ከበደኝ እማዬ፤ ኪራዩ ይደግፈናል። ቅዳሜ ይገባል።»

«ስፌት መኪናዬስ?»

«ጓዳ እናስገባታለን።»

ጓዳው መስኮት የለውም። በዚህ ዓይኔ፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ክር በመርፌ ቀዳዳ የማስገባው ሦስቴ ስቼ ነው። መኪናዬ ጓዳ ገባች ማለት እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ ማለት ነው፤ እሷም አልጠፋትም። ልጮህባት ነበር። ግን ፊቷን አየሁት፤ ታጥቦ ታጥቦ እንደሳሳ ጨርቅ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ጨርቅ ትንሽ ከሳቡት ይተረተራል።

«ተቀየምሽኝ?» አለችኝ።

የምለው ሞልቶ ነበር። ደከመኝ።

«ኔቨር» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። መቼስ ቋንቋው የራሷ ነው፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ገባት። ክር ያለቀበትን መርፌ ከእጄ ወሰደችና አዲስ ክር ባንዴ አስገብታ መለሰችልኝ። እኔም ሱሪውን ማሳጠሬን ቀጠልኩ፤ በመስኮቱ ገና ትንሽ ብርሃን ነበር።