የአባባ ዙር

ከቤታችን በር ተነስቶ፣ ጫካውን አቋርጦ፣ ወንዙን ተከትሎ ተመልሶ እዚያው በር ላይ የሚያደርስ የእግር መንገድ አለ። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሐኪሙ «በየቀኑ እግሩን ያፍታታ» ብሎ ካዘዘ ወዲህ አባባን እየደገፍኩ ስዞረው ዓመት አለፈኝ። ዛፍ አስጠልቶኛል። ወንዝ የሚባል ነገር ዳግመኛ ባላይ ቅር አይለኝም።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ የመርሳት በሽታ ያዘው። መጀመሪያ መነጽሩን ያስቀመጠበትን ረሳ፤ ቀጥሎ የእኛን የልጆቹን ስም። መንገድ ግን አይስትም። ታላቅ ወንድሜ በስልክ የሚመጻደቅብኝም በዚሁ ነው። «አንቺ ደግሞ አታካብጂ! እሱ እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ቤቱ ይገባል።» ከሩቅ ሆኖ መምከር ማንን ገደለ!

አባባን ላስታምም ብዬ የቀረሁበት ስፌት ቤት ባለቤት እስካሁን ቦታዬን ለማንም አልሰጠችብኝም። ትናንት ግን ደወለች፤ «እህቴ፣ ሰኞ ካልመጣሽ ሌላ ሰው መቅጠሬ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ» አለችኝ። ምን ብዬ እቀየማታለሁ? ዛሬ አባባን ልፈትነው ቆረጥኩ። ብቻውን ዞሮ ቤቱ መግባት ከቻለ፣ ሰኞ ሥራዬ ላይ ነኝ።

«አባባ፣ ዛሬ አንተ ምራ። እኔ ከኋላ ነኝ» አልኩት።

«ተሳፈሪያ!» አለኝ።

ቁልፉን ኪሱ ከትቼለት ራቅ ብዬ ተከተልኩት። ጫካው ውስጥ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ግራ ቀኝ አየና ትክክለኛውን ያዘ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወንዙ ዳር ጭቃውን ዞሮ አለፈ። ከፊት ለፊት የሚመጡ ባልና ሚስት ሲያይ ጥጉን ይዞ አሳለፋቸው፤ እንዲያውም ሾፌር ለሾፌር እንደሚያደርገው መዳፉን ብድግ አደረገላቸው። ብቻዬን ሳቅኩ። በሐሳቤ ምሳዬን ቋጥሬ፣ ሥራ ገብቼ፣ ከሴቶቹ ጋር ሐሜት ጀምሬያለሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

በራችን ላይ ሲደርስ ቆመ። እሰይ! ግን እጁን ኪሱ አልከተተም። ሰው እንደሚጠብቅ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ በሩን አልፎ ወደ ጫካው መንገድ ቀጠለ።

ሮጬ ደረስኩበት። «አባባ! ወዴት ነው? ቤት እኮ ደርሰናል!»

«አውቃለሁ» አለ፣ ሳይቆጣ። ቆም ብሎ ፊቴን አየው። ማን እንደሆንኩ እንዳላወቀ ገባኝ፤ ድካሜ ግን አልጠፋውም። «ደክሞሻል፣ የኔ ልጅ። አንቺ እዚህ ውረጂ። እኔ ተረኛ ነኝ፤ የሚቀይረኝ ሰው አልመጣም።»

ብሎኝ ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፣ መውረድ በጣም አማረኝ፤ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ከነጫማዬ አልጋው ላይ መውደቅ። «ደክሞሻል» የሚለኝ ሰው ዓመት ሙሉ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ከወንድሜ ነበር የጠበቅሁት። እንባዬ መጣ።

አባባ ጫካው ሊገባ ነው። ለስፌት ቤቱ ባለቤት «ሌላ ሰው ቅጠሪ» ብዬ በስልኬ ጻፍኩላትና ተከተልኩት።