ያልተቋጠረው ክር

«ሻይ ይጨመርልህ?» አለችው የሸሚዝ ቁልፍ ሰፊዋ፤ ብርጭቆው ገና አልጎደለም።

«በቃኝ፣ እትዬ።»

«ምኑ ነው የበቃህ? ለቀብሩ ያጣነው እግርህ ዛሬ ከተገኘ ጠጣ እንጂ!»

ሴቶቹ ሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የፋብሪካው አለቃ በር ሥር ተቀምጦ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ፣ ዓይኑን ከቁም ሣጥኑ ወደ ሻንጣው፣ ከሻንጣው ወደ አልጋው ያመላልሳል። ለቅሶ ደራሽ እንዲህ አያይም።

ሐዘንተኛዋ ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ነች። ብርድ ልብስ እስከ ወገቧ ለብሳለች። ከብርድ ልብሱ ሥር እጇ በመርፌ ጫፍ ስፌት ይተረትራል።

«እህቴ፣» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሴቶቹ የፈረሙበት ጨርቅ አለ አሉ። ስጪኝና ልሂድ። ፖሊሶቹ ታች ቆመዋል፤ እነሱ ከወጡ ቤቱን ይገለብጡታል።»

«መጀመሪያ ላልቅስበት፣» አለችው። እጇ አላቆመም።

ጨርቁ የባሏ ሐሳብ ነበር። እሱ የአገሩ ልጅ፣ ጨርቅ ቆራጭ፤ እሷ በአንድ ሻንጣ ባሕር ተሻግራ የመጣች ሰፊ። ሰባት ወር ሙሉ የደህና ሸሚዝ ቁልፍ እየበጠሰ «ስፊልኝ» ይላት ነበር። ከቋንቋው መጀመሪያ የለመደችው ቃል «ተበጠሰ» ነው። ከተጋቡ በኋላ መስፋት አስተማረችው፤ ሰፋ ይባላል እንጂ አልሰፋም። መጨረሻውን መቋጠር ይረሳል። «ቋጥር፣ አንተ ሰው!» ስትለው ይስቃል።

ማኅበር እናቁም ብሎ ሴቶቹን ሲሰበስብ አርባዎቹም እንደ እሷ መጤዎች ነበሩ፤ ፊደል የለዩት ከአምስት አይበልጡም። «ስም ከጻፍን ፖሊስ ያነበዋል፤ በስፌት ፈርሙ፣» አላቸው። እያንዳንዷም ነጭ ጨርቅ ላይ ጣት የሚያህል ሰፋች። ጉድ እኮ ነው! ፖሊስ ስፌት ባያነብ አለቃው ያነባል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ልብሱን መስኮት ላይ ዘርግቶ «ይሄ ያንቺ እጅ ነው፣ ፍቺው» ሲላቸው የኖረ ሰው! አርባ ሰፊ ተሰብስቦ ይህን ያሰበ አልነበረም። እሷም አላሰበች፤ እሷማ ባሏን እያየች ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሥራ አቆሙ። የፋብሪካው መኪና ሌላ ሠራተኛ ጭኖ መጣ። ባሏ በሩ ላይ ቆመ። መኪናው አልቆመም። «አደጋ ነው» ተባለ።

ዛሬ ሆስፒታሉ ጃኬቱን መለሰላት። ገበሩን ስትዳስስ ጨርቁን አገኘችው። አውጥታ ልታቃጥለው ስትነሳ አለቃው ገባ። ከተያዘ፣ እጇ የታወቀባት ሁሉ ከሥራ ተባርራ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ተነጥቆ ወደ መጣችበት ትጫናለች። ቁልፍ ሰፊዋ ራሷ ከላይ ሦስተኛዋ ናት።

ከብርድ ልብሱ ሥር ሠላሳ ሰባት ስፌት ተፈታ። ሠላሳ ስምንት።

አለቃው ብድግ አለ። «ብርድ ልብሱን አንሺው።»

ቁልፍ ሰፊዋ መሐል ገባች። «የሐዘንተኛ ብርድ ልብስ ልትገልጥ? እናት አልወለደችህም?»

«ዞር በይ፣ እትዬ!»

«አልዞርም! ግፋኝና ይዩህ!»

ሻይ የያዙት ሴቶች ሁሉ ተነሡ። እሱም ገፋት። ብርጭቆ ወደቀ። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ።

«ተያት፣» አለች ሐዘንተኛዋ። ጨርቁን ዘረጋችለት። «ይኸው፣ ውሰድ።»

አለቃው መስኮት ላይ ወጥሮ በብርሃን አየው፤ እንደ ልማዱ። ጨርቁ ወንፊት ሆኗል። ቀዳዳ፣ ቀዳዳ፣ ቀዳዳ። ቀዳዳ ደግሞ የማንም እጅ አይደለም። ከታች ጥግ ላይ አንዲት የተንጋደደች ስፌት ብቻ ቀርታለች።

«ይቺ የማን ናት?»

«የባሌ። ሂድና አባርረው።»

አለቃው ጨርቁን መሬት ላይ ጥሎ ወጣ። ኮቴው ደረጃውን ወርዶ ጠፋ።

«እሱንስ ለምን አልተረተርሽውም፣ ልጄ?» አለቻት ቁልፍ ሰፊዋ።

ሐዘንተኛዋ ጨርቁን አንስታ አቧራውን አራገፈች። የባሏ ክር ጫፉ ተንጠልጥሏል፤ ትንሽ ቢሳብ ሁሉም ተመዞ የሚወጣ። ጫፉን በምላሷ አረጠበችና በመርፌዋ ቀዳዳ አሾለከችው። አንድ ጊዜ ወጋች፣ ጠመጠመች፣ ቋጠረችው።