የዘይቱና ጣውንቶች

ዘይቱና ሚሌን፣ ገዋኔንና አዋሽን በዓይኗ ሳታያቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትጠላቸው ኖራለች። ባሏ ሙሐመድሁሴን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። መጀመሪያ በአሰብ፣ ኋላ ደግሞ በጅቡቲ መንገድ ሲመላለስ ሐይቅ ከተማ ካለው ቤቱ ይልቅ በረሃውን ይበልጥ ያውቀው ነበር። ሦስት ሳምንት ጠፍቶ ሲመጣ እግሩን ታጥቦ ሳይጨርስ ወሬው ሁሉ ስለነሱ ነው፦ ሚሌ አቃጠለችኝ፣ ገዋኔ ጎማ በላችብኝ፣ አዋሽ ስደርስ ነፋስ አገኘሁ። ዘይቱና ውሃውን እያፈሰሰችለት፣ "ጣውንቶቼ ሁሉም ደህና ናቸዋ?" ትለው ነበር። እሱ ይስቃል። እሷ ግን ግማሹን ከልቧ ነው።

ሙሐመድሁሴን መሪ ከለቀቀ አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ዓይኑንም ሞራ ጀማምሮታል። ዘይቱና ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ከኮምቦልቻ ወዲያ ሄዳ አታውቅም።

ነገሩን የጫረችው ልጃቸው ኢልሀም ናት። ኢልሀም ስድስት ዓመት ሪያድ ሠርታ ከተመለሰች በኋላ በላቧ ሚኒባስ ገዝታ ራሷ እየነዳች ከሐይቅ ደሴ ትሠራለች። በታኅሣሥ ወር በአንድ የጁምዓ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ደንበኞቿ የሆኑ ባልና ሚስት መምህራን የላኩላትን ቪዲዮ ለእናቷ አሳየቻት። ቡናማ ውሃ ከጥቁር አለት ላይ ተንዶ ይወርድና ገደል ውስጥ ይገባል። ገደሉ ደግሞ የደረቀውን ሜዳ ለሁለት ሰንጥቆት፣ ዓይን እስኪደክመው ድረስ ይሄዳል።

"ይሄ የት ነው?" አለች ዘይቱና ስልኩን ወደ ዓይኗ እያስጠጋች።

"አዋሽ ነው እማ። ብሔራዊ ፓርኩ።"

"የአባትሽ አዋሽ?"

"የአባባ አዋሽ።"

ዘይቱና ስልኩን ሳትመልስ፣ "ውሰዱኝ፤ ጣውንቶቼን ሳላይ አልሞትም" አለች።

መደብ ላይ ጋደም ብሎ የነበረው ሙሐመድሁሴን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ከሐይቅ ዳር ተነስቶ ሙቀት ሊያይ ይሄዳል? ድንጋይ ነው። አቧራ ነው። እሾህ ነው።"

"ድንጋዩንም አቧራውንም ለብቻዎ ጠገቡት። ለኔም ትንሽ ይድረሰኝ እንጂ!"

እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናትና ልጅ ግን ጉዞውን ማውጠንጠን ጀመሩ። ኢልሀም፣ "ሐሙስ ከምሳ በኋላ ብንነሳ…" ስትል አባቷ እንደ ወጣት ብድግ አለ።

"ከምሳ በኋላ! ሚሌን በዚያ ፀሐይ ልታቋርጪ? ሱብሂ ሰግደን ነው የምንነሳው!"

ኢልሀም እናቷን ጠቀሰቻት። "የምንነሳው" ነበር ያለው።

ከዘራውን ይዞ ግቢ ወጣና መሬቱ ላይ መንገዱን ይስል ጀመር። ኮምቦልቻ ድንጋይ ሆነች፣ ባቲ ቆርኪ፣ ሚሌ የተሰበረ ሸክላ። "ባቲ ቁርስ፣ የእህቴ ልጅ ራዚያ ቤት። ሚሌን ፀሐይ ሳትበረታ ማለፍ። ገዋኔ ጥላ አለ፣ እዚያ ዙህር ሰግደን ምሳ እንበላለን። ለዓስር ሶላት አዋሽ ሰባት ኪሎ እንገባለን፤ አድረን በማግስቱ ፓርክ።" ስለ እያንዳንዱ ኩርባ ሲናገር ፊቱ በራ። ዘይቱና እንዲህ ሆኖ ካየችው ዓመታት አልፈዋል።

"ፓርኩስ ውስጥ ምን ምን አለ?" አለችው።

ከዘራው ቆመ። "መንገዱ በፓርኩ መሀል ነው የሚያልፈው። አንዳንዴ ሳላ ከሩቅ ቀንዷን ቀስራ አያለሁ።"

"ገደሉስ? ውሃው የሚወርድበት?"

"እሱ በበሩ ገብተሽ ነው።" የሳለውን መንገድ ቁልቁል አየ። "ገብቼ አላውቅም። ጭነት ይዞ ማን ይገባል? ስንት ጊዜ በበሩ አለፍኩ መሰለሽ… ድምፁን እንኳ ሰምቼ አላውቅም።"

ለዘይቱና ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ አይቶት እሷ የቀረባት ይመስላት ነበር።

ሙሐመድሁሴን ወደ ልጁ ዞረና፣ "ሹፌሩ ማነው?" አለ።

"እኔ ነኛ፣ አባባ" አለች ኢልሀም።

"እንግዲያ እኔ እቀራለሁ" አለና ከዘራውን ጥሎ ገባ።

የኢልሀም ፊት ጠቆረ። ሚኒባሷን ከገዛች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ አባቷ አንድም ቀን ተሳፍሮባት አያውቅም። ከመስጊድ ሲመለስ አጠገቡ ብታቆም፣ "ሐኪም በእግርህ ሂድ ብሎኛል" ይላታል። ደሴ ሐኪም ቤት ሲሄድ እንኳ የሰው መኪና ነው የሚይዘው። ዘይቱና እስከዛሬ አይታ እንዳላየ ሆና ነበር። ያን ቀን ግን ተከትላው ገባችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

"የኢልሀም አባት፣ ያን ሁሉ ዓመት እኔ እዚህ ተቀምጬ ሹፌር አምኜ ኖሬያለሁ። አሁን ተራው የርስዎ ነው።"

"የበረሃ መንገድ እንደ ደሴ መንገድ አይደለም፤ ቀጥ ብሎ ያስተኛል።"

"እንግዲያው ይፈትኗታ! እሑድ ወደ ውርጌሳ ታውርደን። ካላማረዎት ነገሩ ያው ቀረ።"

እሑድ ጠዋት ተነሱ። ሙሐመድሁሴን ጋቢና፣ ዘይቱና ከኋላው ተቀመጠች። ሐይቁ በቀኝ በኩል ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ሱሉላ አለፈች፣ ውጫሌ አለፈች፤ ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። የአምባሰል መንገድ እንደ ተተረተረ መቀነት እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በየኩርባው ሙሐመድሁሴን በሌለ ፍሬን ላይ ወለሉን ይረግጣል። ኢልሀም ግን ማርሽ ቀንሳ ቀስ ብላ ትወርዳለች።

አንድ ጠባብ ኩርባ ላይ ጭነት የሞላ ተሳቢ እያቃሰተ ሲወጣ አዩ። ከኋላቸው ያለው መኪና እለፉ እያለ ክላክሱን አስጮኸ። ኢልሀም ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ዳር ይዛ ቆመች። የኋላው ቢጮህ ቢያብድ አልተንቀሳቀሰችም። ተሳቢው ቀስ ብሎ አለፋቸው፤ ሹፌሩም እጁን በመስኮት አውጥቶ አመሰገነ። ከኢልሀም ቀድሞ እጁን ያነሳው ሙሐመድሁሴን ነበር።

ውርጌሳ ሲደርሱ ማንንም ሳያናግር ወረደና መዳፉን ወደ ፊት ጎማው አስጠጋ። ዘይቱናና ኢልሀም ቆመው ጠበቁ።

"አልሞቀም" አለ። "ፍሬን ሳታበዛ በማርሽ ነው የወረደችው።" ፍርዱ ይኸው ነበር። ኢልሀም ፊቷን አዙራ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

ፓፓያ ገዝተው ዛፍ ሥር ሲበሉ፣ ኢልሀም ውሃ ልታመጣ ስትሄድ ጠብቆ ወደ ሚስቱ ጠጋ አለ። "ንቄያት አይደለም፣ ወላሂ። ተሳፋሪ መሆን አልችልበትም። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም።"

"ጭንዎ ላይ ያድርጉታ።"

"ዓይኔንስ?"

"በመስኮት በኩል ነዋ! ሌላው ሰው ምን የሚያደርግ መሰለዎት?"

ሲመለሱ እሱም ከኋላ ዘይቱና አጠገብ ተቀመጠ። ዳገቱ መሀል ላይ ድንገት ክንዷን ያዛት። "ዘይቱና! ያ ገደል… ሁልጊዜም እዚያ ነበር?"

"አምባሰል ነው እኮ! የት ሄዶ ያውቃል?"

ኢልሀም እየሳቀች መኪናውን ዳር አስያዘች። ወርደው አዩት። ሙሐመድሁሴን ከሁሉም በላይ ቆየ፤ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ ሞራ በጀመረው ዓይኑ ገደሉን ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ አየው።

ከዚያ በኋላ ዝግጅቱ ሌላ ሆነ። ሙሐመድሁሴን ሚሌ ጎማ የሚጠግን የድሮ ወዳጁ ሰዑድ ጋ ደውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቀ፤ የመጠባበቂያውን ጎማ፣ የእስኮርታውን፣ ነፋስ በየቀኑ ያያል፤ የውሃ ጀሪካኖቹን ራሱ አጥቦ አሰጣቸው። ዘይቱና ዳቦ ደፋች፣ ቆሎ ቆላች። ጎረቤቷ መስኡዳ ሽር ጉዱን አይታ ደንግጣ ገባች።

"ምነው፣ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ኒካህ ነው?"

"አይደለም።"

"የሸኽ ዚያራ?"

"አይደለም። ልናይ ነው የምንሄደው" አለች ዘይቱና። መጀመሪያ አፈረች። በዕድሜዋ ሁሉ ያለ ለቅሶ፣ ያለ ሰርግ፣ ያለ ሐኪም ቤት መንገድ ወጥታ አታውቅም። ከዚያ ቀና ብላ፣ "እንዲሁ ልናይ" ብላ ደገመችው፤ አፏ ላይ ጣፈጣት።

ሐሙስ ሱብሂ ሰግደው ሲወጡ ሙሐመድሁሴን የጋቢናውን በር ለዘይቱና ከፈተላትና እሱ ከኋላ ገባ። ኮምቦልቻን አልፈው ወደ ባቲ ሲታጠፉ ፀሐይ ወጣች። መንገዱ ተዳፋቱን ይዞ መውረድ ጀመረ፤ ዘይቱና መስኮቷን ስታወርድ ለብ ያለ አየር ፊቷን ነካት። ዛፎቹ አጠሩ፣ ምድሩ ሰፋ፣ ግመሎች በረድፍ ሲሄዱ አየች።

"አሁን አንድ ድልድይ ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ…" አለ ሙሐመድሁሴን ከኋላ።

"ይተዉኝ እስቲ፣ ራሴ ልየው!" አለችው።

እሺ ብሎ ዝም አለ። ዝምታው ግን የዘለቀው እስከ ድልድዩ ድረስ ብቻ ነበር።