ባሕሩ ያልወሰዳቸው

ዱዓው አልቆ «አሚን» ሲባል የጅቡቲ ታርጋ ያላት መኪና ደጁ ላይ ቆመች። ፊት ፊት የመጡት ጠና ያሉ ሴት «የሀፊዝ ቤት ይሄ ነው?» ብለው ጠየቁ።

የሀፊዝ ልጅ ለይላ ከሴቶቹ መሐል ቀና አለች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እስካሁን ዕንባ አልወጣትም። ጎረቤቶቿ ደንግጣ ነው ይላሉ። እሷ ግን ምክንያቱን ታውቀዋለች። በሚሊኒየሙ ዓመት እናቷ ስትሞት፣ መሐንዲሱ አባቷ ባሕር እየገፋው ያለ አንድ መንደር ለማዛወር ጅቡቲ ዳርቻ ነበር። ለቀብሩ እንደማይደርስ ገብቷታል፤ ለለቅሶው እንኳ አልመጣም። የመጣው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው። «ሥራው አልለቀቀኝም» አለ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ነገሩን አንስተውት አያውቁም።

ሴትዮዋ ሳፊያ ይባላሉ። አሰብ ኖረዋልና አማርኛቸው የሰላ ነው። ከለይላ አጠገብ ተቀምጠው «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ልጄ» ካሉ በኋላ ስለ መንደራቸው ያወሩ ጀመር። ባሕሩ በየዓመቱ ከፍ እያለ ቤት ይበላ ነበር። ኮረብታው ላይ አዲስ ቤት ቢሠራም ሰው አልወጣ አለ። ሙታኑን ለውሃ ጥሎ የት ይሂድ? ሌሎቹ ባለሙያዎች ተስፋ ቆርጠው ሲመለሱ ሀፊዝ ቀረ። ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ እንግዲያው መጀመሪያ ሙታኑ ይውጡ አላቸው። ሼሆቹም ፈቀዱ።

ያኔ መንደሩ በሙሉ ተነሣ። አዲስ ከፈን ተቀደደ። በጨቅላነቱ የተቀጨውም፣ ስሙን የሚያውቅ የጠፋለት ጥንታዊ አባትም፣ በዘመድ እቅፍ ሆኖ ኮረብታውን ወጣ። ነጩ ሰልፍ ከዳርቻው እስከ ጫፉ ደረሰ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» የሚለው ድምፅ ባሕሩን በልጦ ይሰማ ነበር። ከኋላቸው ውሃው እየገባ ባዶውን ጉድጓድ ይሞላል።

ሴቶቹ ወደ ሳፊያ ጠጋ ጠጋ አሉ።

«የእናትሽ መርዶ የደረሰው ያን ሰሞን ነው» አሉ ሳፊያ። «መኪና ተዘጋጅቶለት ነበር። ሳይነሣ የቀረው የታችኛው የመቃብር ረድፍ፣ የእኔ ልጅ የተቀበረበት ነው፤ ማዕበሉ ደርሶበታል። ሀፊዝ አሸዋው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፣ አለቀሰና አካፋውን አነሣ። ‹የእኔዋ አፈር አግኝታለች› አለ። ልጄን ያወጣልኝ በገዛ እጁ ነው።»

ለይላ «ለምን አልነገረኝም?» አለች።

«ለአንቺ ለቅሶ መልስ አይሆንም ብሎ ይሆናል። እኔ እንጃ፣ ልጄ።»

ከጦሳ ተራራ ቁልቁል የሚነፍሰው ብርድ በተከፈተው በር ገባ። የበረሃዋ እንግዳ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ለይላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ሄደች። ከሞተ ወዲህ ማንም ያልነካው የአባቷ ጋቢ አልጋው ላይ እንዳለ ነው። ይዛው ተመለሰችና ከሳፊያ ጀርባ ተንበርክካ አለበሰቻቸው፤ ጫፉን አገጫቸው ሥር ሸጎጥ አደረገችው። እጇን ግን ቶሎ ከጋቢው ላይ አላነሣችም።