ሞተር አጥፍቶ መውረድ

ሚኒባሱ ከአንኮበር ወጥቶ ቁልቁለቱን ሊጀምር ሲል ሾፌሩ ዘውዴ ታሪፍ መጨመሩን ተናገረ። ጫጫታ ተነሣ።

«በዓለም ገበያ ነዳጅ ቀነሰ ሲባል ሰምተናል!» አለች እታፈራሁ፣ ነጭ ሽንኩርቷን ጭና ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የምትወርድ ነጋዴ።

«ቢቀንስስ? የምቀዳው ነዳጁን ብቻ መሰለሽ? ከጂቡቲ ማጓጓዣው አለ፣ ኤክሳይዙ አለ፣ የመንገድ ፈንዱ አለ። ሁሉም ተደምሮ ሲያበቃ ቫቱ ይመጣል። ቫቱ ቀረጡንም ይቀርጠዋል፣ እህቴ።»

«ታዲያ ቀረጥህን እኔ ልክፈልልህ? በድሮው ታሪፍ ካልሆነ አውርደኝ!»

ሌሎቹም አጉረመረሙ። ዘውዴ ክርክሩን ተወው። የጭማሪውን ሒሳብ ቁልቁለቱ ይመልስልኛል ብሎ አሰበ። የመጀመሪያውን ኩርባ እንዳለፈ ማርሹን ፎሌ አድርጎ፣ ጎማውን ነጻ ለቅቆ ሞተሩን አጠፋ።

ብዙ ጊዜ አድርጎታል። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ሁለት ጊዜ ይታዘዛል፤ በሦስተኛው እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ስለዚህ ሳይረግጥ፣ በመሪ ብቻ ይወርዳል። ዛሬ ግን ጣራው ላይ የነጭ ሽንኩርት ጆንያ ተከምሯል።

«ምነው ጸጥ አለ?» አሉ ጋቢና የተቀመጡት ቄስ ወልደተንሣኤ።

ሳይመልስላቸው ግመሎች አየ። እርስ በርስ ተያይዘው፣ ኩርባውን ሞልተው ይወርዳሉ። ረገጠ። ፍጥነቱ በረድ አለ እንጂ አልቆመም። ደገመ። በሦስተኛው ፔዳሉ እንቢ አለው። በቀኝ ገደል፣ በግራ ዓለት።

«ኧረ ያዘው!»

ቁልፉን አዞረ፤ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ አንዴ አስሎ ተወው። ወደ ሁለተኛ አወረደው። አጓራ። ፍሬኑም ለሰለሰ። መኪናው ሲቆም የመጨረሻው ግመል ጭራ የፊት መስተዋቱን ይጠርግ ነበር።

ቄሱ ላባቸውን ጠረጉ። «ስንት አተረፍህ?»

«አንድ ሊትር አይሞላም፣ አባቴ።»

«ከእሱ ውስጥስ ቀረጡ ስንቱ ነው?» አለች እታፈራሁ።

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። «እስክንደርስ ሞተር ብታጠፋ ገዝቼሃለሁ!»

«አባቴ፣ ቤንዚኑን ማን ሊችለው?»

እታፈራሁ መቀነቷን ፈታች።

«እንካ ጭማሪህን። ለቀረጡ እንዳይመስልህ፤ ለፍሬኑ ነው።»

ሌሎቹም ተራ በተራ ሰጡ። ዘውዴ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ወረደ። ሞተሩ ገንዘባቸውን ሲበላ ሁሉም ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጡ ነበር፤ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ባለ ቁጥር ግን «ዘውዴ!» ይሉታል፣ በአንድ አፍ።