አየር ሽቅብ ሲወጣ

ፋዲላ ከማለዲን ተወልዳ ያደገችው ሾላ ገበያ ጀርባ ነው። አባቷ አቶ ከማለዲን የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከሰባት ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ የገባችላቸው እሷ ብቻ ናት። በ1976 ዓ.ም. የሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነበር፤ የምታጠናውም ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዴት እንደሚያስተምር ነው። ያኔ እንዲህ ያለ ትምህርት አለ ሲባል ሰው ይስቅ ነበር። «ሐኪም በሽተኛ ሲመረምር አይተናል፤ ሐኪሙን የሚመረምር ደግሞ ከየት መጣ?» ይሏታል ጓደኞቿ። እሷም አብራቸው ትስቃለች።

የጸደቀላት ርዕስ «የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የውድቀት ምክንያቶች» የሚል ነበር። አማካሪዋ ዶክተር ተሾመ ጨዋ፣ ግን ጥላቸውን የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ አርባ ሁለት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አብረዋት አዘጋጁ። ቤትህ መብራት አለ ወይ? አባትህ ማንበብ ይችላሉ ወይ? በቀን ስንት ሰዓት ታጠናለህ? ከአርባ ሁለቱ አንዱም ስለ መምህሩ አይጠይቅም። ፋዲላም ብትሆን ያኔ ልብ አላለችውም።

የካቲት ላይ በፈተና ወድቀው የተባረሩት ተማሪዎች ስም ሲለጠፍ በየክፍሉ ለይታ ቆጠረችው። ጂኦግራፊ የሚማሩት በአራት ክፍል ተከፍለው ነበር። ከሦስቱ ክፍሎች አምስት፣ ሰባት፣ ስድስት ተማሪ ተባሯል። ከአራተኛው ግን ሃያ ሦስት።

«ደካሞቹ አንድ ላይ ገጥመው ይሆናላ» አሏት ዶክተር ተሾመ።

«የተመደቡት በዕጣ ነው እኮ ዶክተር። ዕጣ ደካማ ይመርጣል?»

«እንግዲህ መጠይቅሽ ይነግርሻል» ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ከሃያ ሦስቱ አስራ አንዱ የአዲስ አበባ ልጆች ስለነበሩ አድራሻቸውን ይዛ ቤት ለቤት ለመሄድ ቆረጠች። መጀመሪያ የወጣችው እንጦጦ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ያለውን ዳገት ስትያያዘው ሚያዝያ ቢሆንም ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ከባሕር ዛፉ መሃል ሴቶች ጀርባቸው ላይ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ተቆልምሞ ቁልቁል ይወርዳሉ። ከመካከላቸው አንዷን የወልደ ሐዋርያትን ቤት ብትጠይቃት ልጅቷ ሸክሟን ከድንጋይ ላይ አስደግፋ ቀና አለች።

«አባቴ ናቸው። ማንን ፈልገው ነው?»

ፋዲላ ልትጠይቃት የመጣችው ተማሪ፣ ደብሪቱ፣ ራሷ ነበረች። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንግዳዋ ከዩኒቨርሲቲ እንደመጣች ሰምታ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ዕዳ የመጣባት ይመስል ገመዱን ጨበጠች። ፋዲላ ሸክሙን በአንድ ወገን ደግፋላት ቤት ደረሱ። እናትየዋ ቅቅል ድንች አቀረቡ፤ አባትየው «ልጄ ምን አጥፍታ ነው ያባረራችኋት?» ብለው ጠየቁ። ፋዲላ መጠይቁን አወጣች።

ደብሪቱ አርባ ሁለቱንም ጥያቄ ቀጥ ብላ መለሰች። መብራት የለም። አባቷ ዳዊት ይደግማሉ። በቀን አምስት ሰዓት ታጠና ነበር። ሲያልቅ ፋዲላ ለወጉ ያህል፣ «ደብተርሽ አለ?» አለቻት።

ደብተሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣጥን ወጣ። ጽሕፈቱ እንደ ማኅተም የጠራ ነው፤ መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስጻፉት ሁሉ ነጥቡ ሳይቀር ተገልብጧል። ፋዲላ ገጽ እየገለጠች መጥታ አንድ መስመር ላይ እጇ ቀረ። አየር ሽቅብ ሲወጣ ይሞቃል ይላል። ከፍታ ሲጨምር ሙቀትም ይጨምራል።

«ይኼን ማን አጻፈሽ?»

«ጓድ ወልደ ኢየሱስ ናቸዋ። ከአሮጌው ማስታወሻቸው እያነበቡ ነው የሚያስጽፉን።»

ልጆቹ የወደቁበትን የጂኦግራፊ ፈተና ያረመችው ፋዲላ ራሷ ናት። ፈተናው ለአራቱም ክፍል አንድ ነበር፤ ማረሙ ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ሥራ ነው። በተራራ ላይ አየር ለምን እንደሚቀዘቅዝና ዝናብ እንዴት እንደሚሆን አስረዱ የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሰላሳ ነጥብ ይዞ ነበር። የአራተኛውን ክፍል ወረቀቶች ስታርም ቃል በቃል አንድ የሆነ ስህተት ደጋግማ አግኝታ፣ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጥታ፣ ከጎኑ «ኩረጃ» ብላ ጽፋለች። ስትጽፍ ደግሞ ኮርታ ነበር፤ ሌባ የያዘች መስሏት።

«አንቺ እንጦጦ ላይ ተወልደሽ…» አለች። «ወደ ላይ ሲወጣ እንደሚበርድ አጥተሽው ነው?»

«ኸረ እንዴት አጣዋለሁ! ጠይቄያቸውም ነበር።»

«ምን አሉሽ?»

ደብሪቱ ወደ እናቷ ጨረፍ አድርጋ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እጄን አውጥቼ ‹እኛ ሰፈር ላይ ይበርዳል እኮ› አልኩ። ‹አንቺ ጂኦግራፊ የተማርሽው ከመጽሐፍ ነው ወይስ ከማገዶ?› አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ‹ቁጭ ብለሽ ጻፊ› አሉኝ፤ ጻፍኩ። በፈተናው ቀን የማውቀውን ልጻፍ ወይስ እሳቸው ያሉትን ብዬ ብዙ አሰብኩ። ፈተናው የሳቸው ነው ብዬ ያሉትን ጻፍኩ።»

ፋዲላ ከዚያ ቤት ስትወጣ ዳገቱን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ከኮተቤ እስከ ቀበና ዞራ አስራ አንዱንም ደብተሮች ሰበሰበች። መስመሩ በሁሉም ላይ አለ። ከዚያው ክፍል ያለፉትንም አነጋገረች። አብዛኞቹ ሌክቸር የሚቀሩና ከሌላ ክፍል ልጆች ደብተር የሚዋሱ ነበሩ። ያዳመጠ ወደቀ፤ የቀረ አለፈ። ዩኒቨርሲቲው እንዲህ አድርጎ ነው ሰነፉንና ጎበዙን የለየው።

ደብተሮቹን ዶክተር ተሾመ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። አንድ በአንድ አነበቡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሩን ዘጉት።

«ጥናትሽ ስለ ተማሪ ነው ፋዲላ። ስለ መምህር አይደለም።»

«ተማሪው የወደቀው በመምህሩ ከሆነስ?»

«ወልደ ኢየሱስ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የካድሬዎቹ ኮሚቴ ሰው ነው። የአንድ ቃል ስህተት አንስተሽ…»

«የአንድ ቃል ስህተት አይደለም ዶክተር! ሃያ ሦስት ሰው ነው። በየወሩ በውይይት ክበብ ‹የሰፊው ሕዝብ ልጆች› ሲባል እናጨበጭባለን። ልጅቷ ከሰፊው ሕዝብ ተነሥታ ብትናገር በማገዶ ሰደቧት!»

ዶክተር ተሾመ ደብተሮቹን ሰብስበው መለሱላት። «እኔ አላየሁም» አሏት፤ እንዳታይ ብለው ግን አልከለከሏትም።

እሷም ራሷ ወልደ ኢየሱስ ቢሮ ሄደች። ሰውየው ከኮታቸው ደረት ላይ ባጅ ለጥፈው፣ እግራቸውን አነባብረው ተቀበሏት። የደብሪቱን ደብተር ገልጣ መስመሩን ስታሳያቸው ለአፍታ ቅንድባቸው ተነሣ፤ ወዲያው ፈገግ አሉ።

«የታይፕ ግድፈት ነው። ይኼ ያስደነግጣል?»

«ያሳዝናል እንጂ። ልጆቹ ተባረዋል።»

«ስሚ እኅቴ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው በራሱ ማሰብ አለበት። የነገሩትን እንደ በቀቀን የሚደግም ቢባረር ምን ይገርማል? እንዲያውም ደህና መፈተኛ ሆኗል።»

ፋዲላ ከሰው ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር።

«በራሷ ያሰበች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እጇንም አወጣች። እርስዎ ነዎት ‹ቁጭ ብለሽ ጻፊ› ያሏት! ሲያስቡ ቁጭ በሉ ካሏቸው፣ ሲቀመጡ ደግሞ ለምን አላሰባችሁም ብለው ካባረሯቸው በየት በኩል ይለፉልዎ?»

«ውጪ» አሉ ወልደ ኢየሱስ። «ይህን የትምህርት ሥራ አይሉትም። ይህ አሻጥር ነው።»

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን እንዲሁ የሚጣል ቃል አልነበረም፤ ያሳስር ነበር። ፋዲላ ግን ቤቷ ገብታ ለጥናቷ አዲስ ምዕራፍ ጻፈች። ደብተሮቹን፣ ፈተናውን፣ የደብሪቱን ጥያቄና የተሰጣትን መልስ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ «ኩረጃ» ብላ የጻፈችውን የራሷን ቀይ ቀለም አሰፈረች። ሦስት ቅጂ አስተይባ ለትምህርት ጉዳይ ኃላፊው፣ ለሬጅስትራሩ፣ ለተማሪዎች ዲን አደለች። አባቷ ከአሰብ መልስ ሲሰሙ «ልጄ፣ ፍሬን የሌለው መኪና ፊት ቆምሽ እኮ» አሉ። ቀጥለውም «ግን ከመንገዱ አትውጪ» አሏት።

መልሱ የመጣው ከአራት ወር በኋላ፣ ከተማው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በቀይ ጨርቅ ተሸልሞ በነበረበት በመስከረም ነው። ወልደ ኢየሱስ አልተነኩም። ደብዳቤው ስለ ስህተት አንድም ቃል አይተነፍስም። አስራ አንዱ ተማሪዎች «በልዩ አስተያየት» እንደገና እንዲመዘገቡ ተፈቅዶላቸዋል፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው የተባረሩበትን ጥፋት ገልጸው እንደማይደግሙት በፎርም መፈረም አለባቸው። የቀሩት አስራ ሁለቱ፣ የክፍለ ሀገር ልጆቹ፣ ደብተራቸው ስላልቀረበ አይመለከታቸውም። የፋዲላ ምዕራፍም ከጥናቱ «ከርዕሱ ጋር ስለማይሄድ» እንዲወጣ ታዘዘ።

ደብሪቱ ፎርሙን ሬጅስትራር ደጃፍ ተቀምጣ ሞላችው። ስሟን ጻፈች፣ ቀበሌዋን ጻፈች፤ «የተባረሩበት ጥፋት» የሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሯን አቁማ ፋዲላን አየቻት።

«ምን ልበል ቲቸር?»

«እውነቱን።»

ደብሪቱ በዚያ ማኅተም በሚመስል ጽሕፈቷ «መምህሩ ያሉትን ጻፍኩ» ብላ ፈረመች። ጸሐፊው ሳያነበው ማኅተም መታበት።

ከአስራ አንዱ የተመለሱት ስድስት ናቸው። ሁለቱ ወደ ዘመድ ሄደዋል፤ አንዷ አግብታለች፤ አንዱ አልመለስም ብሏል። የአስራ አንደኛውን፣ የቱሉን ደብዳቤ ፋዲላ ራሷ ይዛ ኮተቤ ወረደች። ሚያዝያ ላይ ደብተሩን ሲሰጣት እየሳቀ «ስትጨርሺ መልሺልኝ፤ ጀርባው ላይ ግጥም አለበት» ብሏት ነበር። ደብተሩንም ይዛለታለች።

በሩን የከፈቱት እናቱ እትዬ አባይነሽ ናቸው። ነጠላቸውን በወገባቸው አደግድገዋል።

«ቱሉ የለም ልጄ። ሰኔ ላይ ቀበሌ ጠራውና ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ‹ተማሪ ነው› ብዬ ጮኬ ነበር፤ ‹ተባሯል› አሉኝ። አሁን ሰሜን ነው ይሉኛል።»

ሴትየዋ በፋዲላ እጅ ያለውን ወረቀት አይተው «ምን ይላል? አንብቢልኝ» አሏት። አነበበችላቸው። በልዩ አስተያየት። ጥፋቱን ገልጾ። እንደማይደግመው።

እትዬ አባይነሽ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «ያስተማረው ሰውዬ ተሳስቷል ይላል?»

«አይልም እትዬ።»

«ልጄን ያለ ጥፋቱ ነው ያባረርነው ይላል?»

«እሱንም አይልም።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ሴትየዋ በቀስታ። ደብተሩን ከፋዲላ እጅ ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ደብዳቤውን ግን አልነኩትም። «ይኼን መልሺላቸው። ለልጄ የተጻፈ አይደለም።»

ፋዲላም መለሰችው። በማግስቱ ጠዋት ሬጅስትራር ቢሮ ገብታ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ባለቤቱ ስላልተገኘ ነው» ሳይሆን «እናቱ አልቀበልም ስላሉ ተመላሽ» ብለው በመዝገብ እንዲያስገቡላት ጠየቀች። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ቃል በመዝገብ አይገባም አላት። ፋዲላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፤ የምሳ ደወል ተደወለ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ከሰዓት በኋላ ጸሐፊው ሰልችቶት መዝገቡን ገለጠና ቃሉን እንዳለ ጻፈው። አነበበችውና ተነሣች።

ምዕራፉን ከጥናቷ አላወጣችም። ዲግሪዋም በዚህ ምክንያት ለሌላ ሰባት ዓመት አልተሰጣትም፤ እስከዚያ ድረስ ኮተቤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ስታስተምር ቆየች።